ሁሉን ይቅር ያለችው ፀጉር ሠሪ

በየሰፈሩ ይቅር ያለችን አንዲት ሴት አለች። ምን እንዳጠፋን አናውቅም፤ እሷ ግን ይቅር ብላናለች። መንገድ ላይ ስታገኘን ጥብቅ አድርጋ አቅፋ ጉንጫችንን ትስምና፣ "እኔ እኮ በልቤ ምንም አልያዝኩም" ትለናለች። እኛም ቤታችን እስክንደርስ፣ ምን ብናደርጋት ነው እያልን ስናወጣ ስናወርድ እንሄዳለን።

የእኛዋ ፀጉር ሠሪ ናት። ወላጆቿ ያወጡላት ስም አላት፤ ግን ማንም በስሟ አይጠራትም። ሰፈሩ በሙሉ "እትዬ ይቅርታ" ነው የሚላት። ስሙ የወጣላት ለነገር ነበር፤ እሷ ግን እንደ ማዕረግ ተቀበለችው።

ፀጉር ቤቷ ከመጋረጃ መሸጫና ከጫማ ጠጋኝ መሀል የተሰነቀረች ጠባብ ክፍል ናት። ሁለት ወንበር፣ ጫፉ የተሸረፈ የፀጉር መታጠቢያ፣ ሲሠራ እንደ ወፍጮ የሚያጓራ አንድ አሮጌ የፀጉር ማድረቂያ ካስክ። እዚህች ክፍል ውስጥ ነው ክብርት እትዬ ይቅርታ ችሎት የምትቀመጠው። በእሷ ችሎት ሁሉም ሰው ጥፋተኛ ነው፤ ሁሉም ሰው ደግሞ በነፃ ይለቀቃል።

ሌላ ፀጉር ቤት ሄዳ የተመለሰች ደንበኛ ስትገባ ገና ከበሩ ታውቃታለች። ፀጉሯን በሁለት ጣቶቿ ብድግ አድርጋ፣ የሞተ አይጥ ያነሳች ይመስል ታየዋለች። "ማናት እንዲህ የቆረጠችሽ?" ትላለች። ደንበኛዋ አፏን ስትከፍት፣ "አይ፣ አትንገሪኝ። ይቅር ብያለሁ። ጎንበስ በይ" ትላታለች። ያን ቀን ውሃው ከወትሮው ሞቅ ይላል።

መጋቢው ስብከት ሲያስረዝም፣ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ እጁን ጨብጣ፣ ምእመናኑ ሁሉ እየሰሙ ይቅር ትለዋለች። መብራት ሲጠፋ፣ ቢጎዲን የተጠቀለለላቸው ሴቶች ሲያጉረመርሙ፣ "ያጠፋው ሰውዬ ማንም ይሁን ማን፣ ይቅር ብዬዋለሁ" ብላ ታረጋጋቸዋለች። በሴቶች የጸሎት ቡድን ውስጥ፣ እያንዳንዷ የራሷን ጥፋት ለእግዚአብሔር እንድትናገር ሲባል፣ የእሷ ድምፅ ከሁሉ በላይ ይሰማል። "ጌታ ሆይ፣ ያሙኝን ይቅር በላቸው! ያስቀየሙኝን ይቅር በላቸው! እዚህ ክፍል ውስጥ ያሉትንም ጭምር!" ከዚያ አንድ ዓይኗን ገለጥ አድርጋ አሜን ያላለችውን ትፈልጋለች።

ክፉ ሴት አይደለችም፤ ይኼ መባል አለበት። የታመመች ደንበኛ ካለች፣ ማበጠሪያና ሻምፖዋን በፌስታል አንጠልጥላ ቤቷ ድረስ ሄዳ ታጥባታለች። ሐዘን የደረሰባትን ሴት ፀጉር ስትነካ እጇ እንዴት እንደሚለሰልስ ያየ ሁሉ ይመሰክራል። ጉድለቷ አንድ ነበር፤ በሕይወቷ አንድም ቀን "አጥፍቻለሁ" ብላ አታውቅም። ለመዋሸት ብላም አይደለም። ጥፋቷን ከልቧ ትፈልገዋለች፣ ግን ታጣዋለች።

ከይቅርታዎቿ ሁሉ ትልቁ ለእህቷ ያደረገችው ነበር።

ይህን ታሪክ ሳይሰማ ከዚያ ፀጉር ቤት የወጣ ሰው የለም። ደንበኛዋ ካስክ ከገባች መሸሻ የላትም። ካስኩ ያጓራል፣ ደንበኛዋ አትሰማም፣ እትዬ ይቅርታ ትጮሃለች። "እናቴ ታማ እህቴ ቤት ነበር የተኛችው! እህቴ፣ የገዛ እህቴ፣ እናትሽ እየደከመች ነው ብላ ሰው እንኳ አልላከችብኝም! ስደርስ ዓይኗ ተከድኖ ጠበቀኝ! አንድ ቃል ሳልለዋወጣት ቀረሁ! ግን ምን አልኩ?" እዚህ ጋ ስትደርስ ከግድግዳው ማዶ ያለው ጫማ ጠጋኝ፣ ምስማር በጥርሱ እንደነከሰ፣ "ይቅር ብያታለሁ!" ይልላታል። ታሪኩን በቃሉ ያውቀዋል።

እህትየዋ የመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ ናት፤ በአውቶቡስ ትንሽ ራቅ ብላ ነው የምትኖረው። ሁለቱ ከእናታቸው ቀብር ወዲህ ለሠርግና ለለቅሶ ካልሆነ ተገናኝተው አያውቁም። ሲገናኙ እትዬ ይቅርታ ሰው ፊት አቅፋ ትስማታለች። እህትየዋ ትታቀፋለች፤ ምንም አትልም። "አያችሁ?" ትላለች እትዬ ይቅርታ በኋላ ለወዳጆቿ። "መልስ የላትም። ኅሊናዋ ነው።"

አንድ ቅዳሜ ጠዋት አንዲት ደልደል ያለች፣ ፊቷ የሚስቅ ሴት ገባች። ታናሽ እህቷን ልትድር ከሌላ ከተማ የመጣች ናት።

"አላስታወሱኝም አይደል?" አለች ወንበሩ ላይ እየተቀመጠች። "የሠርጌ ቀን ፀጉሬን የሠሩኝ እርስዎ ነዎት። ከዚያ የባሌ ሥራ ተቀየረና ከዚህ ሄድን።"

እትዬ ይቅርታ ሙሽሮቿን ትወዳለች። እልል ልትል ምንም አልቀራትም። አጠበቻት፣ አደረቀቻት፣ ማበጠሪያውን አነሳችና እንደ ልማዷ ጀመረች። "መቼም ሰው የማይችለው የለም። እናቴ ስትሞት እህቴ…"

የሴትዮዋ ዓይን እንባ አቀረረ።

"እርስዎ ራስዎ ስላነሱት እንዴት ደስ አለኝ መሰለዎት" አለች። "ይህን ነገር ላነሳው እያልኩ፣ እያፈርኩ ነው የኖርኩት። በእኔ ምክንያት አይደል የቀሩት?"

"በአንቺ?"

"እህትዎ ልትጠራዎት ስትመጣ እኔ እኮ እዚችው ወንበር ላይ ነበርኩ። ምስኪን፣ ከችኮላዋ ብዛት አንድ እግሯ ላይ ጫማ፣ አንድ እግሯ ላይ ነጠላ ጫማ አድርጋ። 'እትዬ፣ እማዬ እየጠራችሽ ነው፣ አሁኑኑ ነይ' አለች። እርስዎ 'ሙሽራ ይዣለሁ' አሉ። ያኔ እኔ 'ይሂዱ' ማለት ነበረብኝ። ግን ፀጉሬ ግማሹ ተጠቅልሎ ግማሹ ተበትኖ ነበር። ልጅ ነበርኩ፤ ዝም አልኩ። በማግስቱ የእናትዎን ማረፍ ስሰማ የሠርጌ ደስታ በአፍንጫዬ ወጣ። ይቅር ይበሉኝ።"

እትዬ ይቅርታን አፏ ከልማዱ የተነሳ ቀደማት። "ይቅር ብያለሁ" አለች።

ከዚያ ማበጠሪያው ከእጇ ወደቀ። ከግድግዳው ማዶ የጫማ ጠጋኙ መዶሻ ዝም አለ።

እንደምንም ብላ ሴትዮዋን ጨርሳ ሸኘቻት። ያን ቀን ሌላ ሰው አልሠራችም። አሞኛል ብላ መዝጊያውን ዘጋችና ካስኩ ሥር ገብታ፣ ሳታበራው፣ ቁጭ አለች።

መጀመሪያ ተከላከለች። ሴትዮዋ ከሌላ ፀጉር ሠሪ ጋር አምታትታኝ ነው አለች። በነጋታው ደግሞ፣ እሺ እህቴ መጥታ ይሆናል፣ ግን ለሌላ ጉዳይ ነው አለች። ይህም ለጥቂት ሰዓት ጥሩ ሆኖ አገለገለ። ሆኖም ያ አንድ ጫማና አንድ ነጠላ ጫማ አልለቅ አላት። ውሃ ስትቀዳ፣ ልብስ ስታጣጥፍ ፊቷ ላይ ይደቀናል። እህቷን እንዲያ ሆና ስታያት ስቃ ነበር። "ምነው፣ በእንቅልፍሽ ነው የመጣሽው?" ብላታለች። ሳቋ ሲመለስ ሌላውም ተከትሎት መጣ። "እማዬ ስትጠራኝ የዛሬ አይደለም። ሁሌ እንደሞተች ነው። ሙሽራዬን ልጨርስና እመጣለሁ።" ድምፁ የራሷ ድምፅ ነበር። ሙሽራዋን ከጨረሰች በኋላም አልሄደችም፤ ሚዜዎቹ መጡ፣ እነሱንም ሠራች። ሚዜዎቹ መጠራቷን አያውቁም፣ ሙሽራዋም ቀድማ ሄዳለች፤ ከእሷ በቀር የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ታሪኩ እንዴት እንደተለወጠ ራሷንም ገረማት። መጀመሪያ፣ በቀብሩ ሰሞን፣ "እንዲህ መጥፎ መሆኗን በደንብ አልነገረችኝም" ነበር ያለችው። ከዚያ "ዘግይታ ነገረችኝ" ሆነ። ከዚያ፣ ካስኩ ሲያጓራ ረጅም ቃል ስለማይሰማ ይሁን ወይ ስለሚያም፣ "አልነገረችኝም" ሆነ፤ በዚያው ቀረ። ስታለቅስ እውነት ታለቅስ ነበር። ሰው ራሱን ሲያታልል እንዲህ አሳምሮ ነው፤ እንባው እንኳ የውሸት አይደለም።

በሳምንቱ መጋቢውን ቢሮው ድረስ ሄዳ አገኘችው።

"መጋቢ፣ አንዲት የማውቃት ሴትዮ አለች" አለች፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ እያሻሸች።

"ምን ሆነች?"

"ምንም አልሆነችም። ግን ምናልባት እናቷ ስትሞት ተጠርታ ቀርታ ይሆናል። ምናልባት ነው ያልኩት። ከዚያ ደግሞ አልተጠራሁም ብላ ለሰው ተናግራ ይሆናል።"

"ለስንት ሰው?"

"ፀጉር ላለው ሰው ሁሉ።"

መጋቢው በራ ነው። እሱም ቢሆን ታሪኩን በደንብ ሰምቶታል። ሳቁን ዋጥ አደረገ። እትዬ ይቅርታ ዝምታ አይሆንላትም፤ ቀጠለች። "ሴትዮዋ ግን ያን ቀን ሥራ በዝቶባት ነበር። እናትየዋም እኮ አሥር ጊዜ ሞትኩ ሞትኩ ብላ ስትነሳ ነው የኖረችው። እህትየዋም ብትሆን ጠንከር አድርጋ አልተናገረችም። ማንም ሰው በሷ ቦታ ቢሆን…"

"እንግዲያው አልበደለችም" አለ መጋቢው።

"እ?"

"ካልበደለች በሰላም ትኑር። እኔ ዘንድ ያለው ይቅርታ ለበደለ ሰው ብቻ የሚሆን ነው፤ ላልበደለ የሚሰጥ ዓይነት የለኝም። ክርስቶስ የሞተው ለሰበባችን አይደለም፣ እትዬ። ለኃጢአታችን ነው።"

መስኮቱን አየች። ቦርሳዋን ከፈተች፣ ዘጋች።

"በድላለች" አለች በመጨረሻ፣ በቀጭን ድምፅ።

"ማን?"

"ሴትዮዋ።"

"ማን?"

"እኔ።"

አብረው ጸለዩ። መጋቢው ቃሉን ነገራት፤ ክስዎ ተዘግቷል፣ ተሰርዟል፣ በሰላም ይሂዱ አላት። ወጣች። ደጅ ስትደርስ አንድ ነገር ጠበቀች፤ ቅልል ይለኛል ብላ። ቅልል አላላትም። እንዲህ በነፃማ አይሆንም አለች በልቧ።

በማግስቱ መጋቢው ቤተ ክርስቲያኑን ሊከፍት ሲመጣ፣ እትዬ ይቅርታ በጽዳት ሠራተኛዋ ተከፍቶላት፣ ቀሚሷን ሰብስባ፣ በጉልበቷ ተንበርክካ አግዳሚ ወንበሮቹን በብሩሽ ትፈገፍጋለች። በሦስተኛው ቀንም እዚያው ናት። ምሳ መብላት ትታለች። ቀለም መቀባት ትታለች፤ ሽበቷ ከሥር ብቅ ብሏል። አምስት ስድስት ምስኪን አሮጊቶችን በግድ እየጎተተች፣ አልፈልግም ያለችውን ጭምር፣ ፀጉራቸውን ሠርታለች።

"ምን እያደረጉ ነው?" አለ መጋቢው።

"አግዳሚውን እያጠብኩ።"

"ትናንት ታጥቧል እኮ።"

"እኔው ነኝ ያጠብኩት። አልለቀቀም።"

"አግዳሚው ነው ያልለቀቀው?"

ብሩሹን መልሳ ውሃ ውስጥ ነከረች። መጋቢው ደረቅ ቦታ ፈልጎ አጠገቧ ተቀመጠ።

"እግዚአብሔር የዘጋውን ክስ እርስዎ መልሰው ሊከፍቱ ነው? ከእሱ በላይ ሌላ ችሎት አለ?"

"መጋቢ" አለች ብሩሹን እንደያዘች፣ "መስጠቱን እኮ እችልበታለሁ። መቀበሉን ነው የማላውቀው።"

"ለመቀበል ባዶ እጅ ነው የሚያስፈልገው። ብሩሹን ያስቀምጡትና ወደ እህትዎ ይሂዱ።"

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ በአውቶቡስ ሄደች። መንገዱን ሙሉ ንግግሯን ስታጠና፣ አጠገቧ የተቀመጠው ሰውዬ ከእሱ ጋር የምታወራ መስሎት ሁለት ሦስት ጊዜ "አቤት?" ብሏታል።

እህትየዋ ሳሎኗ ወለል ላይ እግሯን ዘርግታ ተቀምጣ፣ ለሕፃናቱ ከባለ ቀለም ወረቀት ዳክዬ ትቆርጥ ነበር። ወለሉ በሙሉ ዳክዬ ሆኗል። ቀና ብላ ስታያት መቀሱ እጇ ላይ ቀረ።

"እትዬ? ምነው፣ ማን ሞተ?"

"ማንም አልሞተም።"

"ታዲያ ማን ሊያገባ ነው?"

እትዬ ይቅርታ ያጠናችው ንግግር አውቶቡሱ ውስጥ ቀረ። "ያን ቀን መጥተሽ ነበር" አለች። "እማዬ ያረፈች ቀን። መጥተሽ ጠርተሽኝ ነበር። እኔ ነኝ የቀረሁት። ከዚያ ሰው ሁሉ ፊት ስምሽን ሳነሳ ስጥል…"

እህትየዋ መቀሱን አስቀመጠች። "አውቃለሁ" አለች።

"ታውቂያለሽ?"

"እትዬ፣ የመጣሁት እኮ እኔ ነኝ።"

"እና ለምን ዝም አልሽ?"

"ምን ልበል? እያለቀስሽ ነበር የምታወሪው። እውነት መስሎሽ እንደነበር ያስታውቃል። ደግሞ ይቅር ካልኩሽ ቆየሁ።"

"መቼ?"

"ገና ድሮ።"

"ሳልጠይቅሽ?"

"አዎ።"

እዚህ ላይ አንድ ሰው ሊገምት የሚችለው እትዬ ይቅርታ እህቷ አንገት ላይ ተጠምጥማ ታለቅሳለች ብሎ ነው። እሷ ግን ተቆጣች።

"ማን ፈቀደልሽ?" አለች። "እኔ ጉልበቴ እስኪላጥ አግዳሚ ሳጥብ፣ አንቺ ዝም ብለሽ ይቅር ብለሽኝ ቁጭ ብለሻል? ቢያንስ ተቆጪኝ!"

"አልቆጣሽም።"

"ስደቢኝ!"

"አልሰድብሽም። ዳክዬዎቹን እየረገጥሽ ነው።"

እትዬ ይቅርታ ወደ እግሯ አየች። እውነትም ሁለት ቢጫ ዳክዬ ጨፍልቃለች። እነሱን ላንሳ ብላ ዝቅ ስትል ሌላ ዳክዬ አንሸራተታትና ወለሉ ላይ ዘጭ አለች።

"በቃ፣ ተቀመጪ" አለች እህትየዋ፣ ሕፃናቱን በምታናግርበት ድምፅ። "አፍንጫሽን ጥረጊ።" ሶፍት አቀበለቻት። ጠረገች።

"እማዬ ምን አለች?" አለች ቆይታ። "ሳልመጣ ስቀር።"

"ሙሽራ እንደያዝሽ ነገርኳት። ፈገግ አለች። 'ታሳምራት' አለች።"

ያን ጊዜ ነው እንባዋ የመጣው። ፀጉር ቤት ውስጥ የምታለቅሰውን ዓይነት አልነበረም፤ ድምፅም ቃልም የለውም። ሰበብ አልፈለገችም። ልካስ፣ ልታጠብ፣ ልቀጣ አላለችም። እናቷ፣ እህቷ፣ እግዚአብሔር፣ ሁሉም ቀድመዋት ጨርሰውት ኖሯል፤ የቀረችው እሷ ብቻ ነበረች።

"እሺ" አለች። ያቺን አንዲት ቃል ለማውጣት ዕድሜዋን የፈጀች መሰላት።

እትዬ ይቅርታ ፊቷን ጠረገች። ከዚያ እህትየዋ አንዱን ዳክዬ በጣቷ እያዞረች፣ ዓይኗን ሳታነሳ ጀመረች።

"እኔም የምነግርሽ አለኝ። የመጣሁት ጠዋት ነበር፤ እማዬ ያረፈችው ማምሻውን ነው። ጊዜ ነበረ። ጎረቤቴ 'እኔ ሄጄ ደግሜ ልጥራት ወይ?' ብላኝ ነበር። እልህ ያዘኝ። ሙሽራዋ ከበለጠችባት ትቅር አልኩ። ዝም ያልኩት ደግ ሆኜ ብቻ እንዳይመስልሽ። ብናገር ይሄም ይወጣል ብዬ ነው።"

እትዬ ይቅርታ አፏን ከፈተች።

ያ ሁሉ ዘመን ያለ ማስረጃ ስትጮህ የኖረችው ክስ፣ ማስረጃው አሁን ከነባለቤቱ እጇ ላይ ተቀመጠላት። ቢያንስ ግማሹ እውነት ነበር። አንድ "ይቅር ብያለሁ" ብቻ ብትል ተመልሳ ከላይ ትቆማለች። እህቷም ያንን ቃል አንገቷን ደፍታ ትጠብቃለች።

እትዬ ይቅርታ አፏን ገጠመች። በዳዴ ወደ እህቷ ተጠግታ ጭንቅላቷን ወደ ደረቷ ሳበችው። እንደዚያ ሆነው ብዙ ቆዩ፤ ዳክዬዎቹ ከሥራቸው ተጨማደዱ።

"ምሳ በልተሻል?" አለቻት በመጨረሻ።

"አልበላሁም።"

"እኔማ ሳምንቴ። ተነሽ፣ እንሥራ።"

አሁን እትዬ ይቅርታ ዝምተኛ ሆናለች ብላችሁ እንዳታስቡ። ብሶባታል። እህትየዋ ትምህርት ቤት በሌለ ቀን ትመጣና ሁለተኛው ወንበር ላይ ትቀመጣለች፤ ደንበኞቿ ታሪኩን ከሁለት አፍ ይሰማሉ፣ አንዷ ስትጀምር ሌላዋ ታርማለች። ባለፈው ሰሞን ፀጉሯን የምትታጠብ አንዲት አዲስ ደንበኛ ግራ ገብቷት፣ "ቆይ ግን፣ ጥፋተኛዋ የትኛችሁ ነበረች?" ብላ ጠየቀች።

"እኔ" አሉ ሁለቱም እኩል።

"አንቺማ መጥተሽ ጠርተሽኝ!"

"አንቺማ ሥራ ላይ ነበርሽ!"

"ሚዜዎቹንስ? ሚዜዎቹን ማን ሠራ?"

"ጎረቤቴንስ ማን ከለከለ?"

ተጣሉ። ድምፃቸው መጋረጃ መሸጫው ድረስ ይሰማ ነበር። ደንበኛዋ ፀጉሯ በአረፋ እንደተሸፈነ፣ አንገቷ የተሸረፈው መታጠቢያ ላይ እንደተጋደመ፣ ውሃ የሚያፈስላት አጥታ ኮርኒሱን እያየች ትስቃለች።